«አይገኝም» ያልሁ ዕለት

ታሪኩን ያልሰማ ሰው በእኛ በኩል የለም። ኑዛዜውን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ የሰማ አልነበረም። ታሪኩን ለዓመታት በሠርግ ቤት፣ በማኅበር፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስነግር የኖርሁት ራሴ ነኝ፤ ሰዉም ሆዱን ይዞ ሲስቅ ኖሯል። ዛሬ የምጽፈው ስነግር የዘለልሁትን ነው። ለሚስቴ አልነገርኋትም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ «አባቴ፣ በአንደበቴ በድያለሁ» ብዬ በጥቅሉ አለፍሁት። በአንደበቱ ያልበደለ ማን አለ? እሳቸውም ለሁሉም የሚሰጡትን ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ፤ ጉልበቴን አመመኝ እንጂ ልቤ አልቀለለም።

አስቀድሜ ግን ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ። ማንነቴን ሳታውቁ ጥፋቴን ብታውቁ፣ ጥፋቴ ትንሽ ይመስላችኋል።

እኔ ልየው ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር የእህል ወፍጮ አለኝ። ወፍጮ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የወፍጮን ሆድ የሚያውቅ ግን እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። እንግሊዝኛውን የለቀምሁት ሞተር ላይ ከተለጠፈው ቆርቆሮ ነው፤ ትርጉሙ ያልገባኝን ቃል ሞተሩን ፈትቼ አገኘዋለሁ። በዙሪያችን ባለው ወረዳ ሁሉ ቆሞ የቀረ ወፍጮ ካለ «ልየውን ጥሩ» ይባላል። ገና መፍቻ ሳልነካ ጆሮዬን አስጠግቼ ሕመሙን በድምፁ እናገራለሁ። ሐኪም እንኳ ይህን አያደርግም፤ ሐኪም ደም ካልቀዳ አይናገርም።

ቅኔም አውቃለሁ። ዲማ ወፍጮ ልጠግን በሄድሁ ቁጥር ሥራዬን ስጨርስ ከቅኔ ተማሪዎቹ አጠገብ ሄጄ እቀመጥ ነበር። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ቅኔ ግን ገባኝ። ይችን አባባል የፈጠርኋት ራሴ ነኝ። ስሳደብ የማመሰግን የሚመስል፣ ሳመሰግን የምሳደብ የሚመስል ቃል ከአፌ አይጠፋም። ወፍጮ ቤቴ ከሚመጣው ሰው ግማሹ እህሉን ሊያስፈጭ፣ ግማሹ እኔን ሊሰማ ነው የሚመጣ።

ከተማው «ኢንጂነር ልየው» ይለኛል። መጀመሪያ የተባለው ለቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑን ቶሎ የረሳሁት እኔ ነኝ።

በአቅራቢያችን ያለ አንድ የመንግሥት ቴክኒክ ኮሌጅ የመካኒክ ሠልጣኞቹን ለተግባር ልምምድ ወደ እኔ ይልክ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እስካሁን የበደልሁት ይበቃዋል። መንግሥት የእኔን ዓይነት የሥራ ቦታ «ኢንዱስትሪ» ይለዋል። እኔን ደግሞ «ባለድርሻ አካል» ይለኛል። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማው የመሬት ክፍፍል መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ሲያስረዱኝ ወደድሁት። ሚስቴ እርጎ ስታቀርብልኝ «ባለድርሻ አካሉ ይጠጣ» ትለኝ ነበር። ማሾፏ ነው፤ እኔ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምጠጣው።

ልጆቹን የሚያመጣልኝና የሚከታተላቸው መምህር ይበልጣል ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ዝቅ ብሎ በሁለት እጁ የሚጨብጥ ጎልማሳ ነው። ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። በክረምት ጭቃውን ከጫማው በእንጨት ፍቆ ይገባና ልጆቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ያያል። ያልጠቆረ እጅ ካየ «አንተ ዛሬ ቅዳሴ ነበርህ?» ይለዋል። እወደው ነበር? አዎን፣ እወደው ነበር። አንድ ነገሩ ብቻ ይቆረቁረኝ ነበር፦ ከተማው ሁሉ ኢንጂነር ሲለኝ እሱ «ጋሽ ልየው» ይለኛል። በአንቱታ ነው፣ በአክብሮት ነው። ግን ጋሽ! ጋሽ የሚባል ሰው በየደጁ ሞልቷል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ቤቱ በአስፈጪ ጢም ብሎ ሳለ፣ መምህር ይበልጣል መጣና ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚሄደውን ቺንጋ ቆሞ ተመለከተ። ቺንጋው የጎማ ነው፤ ሲዞር ዓይን አይለየውም። ፋብሪካው ሲሠራው የብረት ሽፋን ነበረው። ሽፋኑን አውልቄ የዶሮ ማደሪያ አድርጌዋለሁ። ለምን? ሽፋን ያለው ቺንጋ ሲንሸራተት ሞተር አጥፍቶ፣ ብሎን ፈትቶ ነው ማጣበቂያ ሙጫ የሚቀባው። እኔ ግን እየዞረ በእጄ ነበር የምቀባው። ለሠልጣኞቹም ይህንኑ አስተምር ነበር፤ «ሽፋን የሚፈልግ ፈሪ ነው» እላቸው ነበር።

«ጋሽ ልየው፣ ይህ ነገር ሽፋን ያስፈልገዋል» አለኝ።

«ለምን? ብርድ ይመታዋል?» አልሁት። ቤቱ ሳቀ።

እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «የአንዱን ልጅ እጅጌ ቢይዘው ክንዱን ይዞት ይሄዳል። ሽፋኑ እስኪገባ ልጆቼ እዚህ አይሠሩም» አለኝ።

«ስንት ዘመን ከዚህ ቺንጋ ጋር ስኖር ምን ጎደለኝ?» ብዬ ጣቶቼን ሁሉ ዘርግቼ ለቤቱ አሳየሁ።

ይሄን ጊዜ አንዲት ጤፍ ይዛ ተራ የምትጠብቅ ሴት፣ «ኢንጂነር፣ የእርስዎስ ሙሉ ነው። የልጆቹን ግን እናቶቻቸው ቆጥረው ነው የሰጡዎት፤ ቆጥረው ይቀበሉዎታል» አለች።

ቤቱ እንደገና ሳቀ። አሁን የሳቀው በእኔ ነው። በቤቴ፣ በወፍጮዬ ፊት፣ እኔ አሳቂው ተሳቀብኝ።

መምህር ይበልጣል ልጆቹን ይዞ ወጣ። ጉንደ ወይን ካሉ ጋራዦችና ወፍጮ ቤቶች አስማምቶ እዚያ አስገባቸው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ እዚያ ድረስ እየሄደ ይከታተላቸው ጀመር። ልክ መሆኑን ያን ጊዜም አውቅ ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር። በማግሥቱ ዶሮዎቹን አስወጥቼ ሽፋኑን ልመልስ ሄጄ፣ ቆሜ ቆሜ ተመለስሁ። ብመልሰው «ኢንጂነር ተማረ» ይባላል። እኔ ሳልማር የማውቅ ሰው ነኝ እንጂ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ይህ ነበር መመኪያዬ። አሁን ሳየው ምን ዓይነት መመኪያ ነው?

ብዙም ሳይቆይ ገምጋሚዎች መጡ።

የመንግሥት ኮሌጆች በየጊዜው ይገመገማሉ። ገምጋሚ ይመጣል ሲባል ግድግዳ ይቀባል፣ ራዕይና ተልእኮ የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል፣ የጠፋ የሽንት ቤት ቁልፍ ይገኛል። ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ እስቅ ነበር። ዛሬ አልስቅም። የድኻ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ምንም ሳይማር ቢወጣ ለማን አቤት ይላል? እሱ ሳይል የሚልለት ሰው ያስፈልጋል። ገምጋሚው ግን በየወፍጮ ቤቱና በየጋራዡ አብሮ አይውልም፤ እኛ ያየነውን ሊጠይቅ ነው የሚመጣ። እኛ ያየነውን ካልነገርነው እሱ ምን ያያል? የዚህ ሁሉ ቁጥጥር ምሰሶው የእኛ ቃል ነው። እኔ ምሰሶው ውስጥ የገባሁ ነቀዝ ነኝ።

በዚያ ዓመት ኮሌጁ ቢጫ ላይ ነበር። አረንጓዴ ደኅና ነው፣ ቀይ ውድቀት ነው፣ ቢጫ በሁለቱ መካከል ነው። የመካኒክ ክፍሉ ደግሞ ጫፍ ላይ ነበር። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱና ዋናው፣ ለልምምድ የወጡትን ሠልጣኞች መምህራቸው በሥራ ቦታቸው እየሄደ ይከታተላቸዋል ወይ የሚል ነበር። ይህን የሚመልሰው ባለድርሻ አካሉ ነው። እኔ ነኝ።

ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ፎቶ የሚያነሣ ሰው ነበር፤ ወፍጮውን፣ ጆንያውን፣ እኔን አነሣና ወጣ። ሁለተኛዋ ትርንጎ የምትባል ወጣት ነበረች። መነጽር አድርጋለች፤ ንግግሯ የከተማ ነው። እንዳየኋት «ይቺ በአስፋልት ያደገች ናት» አልሁ በልቤ። ቀድሞ የተላከው ዝርዝር ልምምድ ላይ ያሉት ልጆች እኔ ዘንድ ናቸው ይላል፤ ወደ ጉንደ ወይን መዛወራቸው ገና ለክልሉ አልደረሰም። ስለዚህ ልጆቹን ፈለገቻቸው።

«ዛሬ የሉም» አልኋት። እውነት ነው፣ የሉም። የት እንዳሉ ግን አልነገርኋትም። አውቅ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት መምህር ይበልጣል ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ሲጠብቅ አይቶኝ እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎኛል። እኔም እጄን አንሥቻለሁ።

«መምህራቸውስ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

ቃሉ ሳላስበው ከአፌ አመለጠ ስል ኖሬአለሁ። አላመለጠኝም። እንደ ቅኔ ተማሪ አገላብጬ መረጥሁት። ራሴን በአድናቆት ወዘወዝሁና፣

«መምህር ይበልጣል? እሱማ አይገኝም!» አልሁ።

«አይገኝም?»

«አይገኝም! ከዚህ ተነሥታችሁ እስከ ደጀን ብትፈልጉ አይገኝም!»

በእኛ አገር አንድን ሰው «አይገኝም» ማለት ወደር የለውም፣ እሱን የመሰለ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም ማለት ነው። ታላቅ ምስጋና ነው። «አይገኝም» ማለት ደግሞ ሥራው ላይ የለም ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ የሚለያቸው ዜማው ነው። ወረቀት ደግሞ ዜማ አይዝም። ይህን አውቅ ነበር።

ትርንጎ ጥቂት ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ጻፈች። በየሠርጉ ስነግረው ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ «አማርኛ የማታውቅ ገምጋሚ ምስጋናዬን ክስ አድርጋ ጻፈችው» እላለሁ፣ ሰዉም ይስቃል። የዘለልሁት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ልትወጣ ስትል ጠራኋትና፣

«እንዳልሁት ጻፊው፤ ቃሌን እንዳትለውጪው» አልኋት።

ያመሰገነ ሰው እንዲህ ይላል? ማን ነው ምስጋናውን «እንዳትለውጪው» ብሎ የሚያስጠነቅቅ? ከሁለቱ ትርጉም ሁለተኛውን እንድትወስድ ፈልጌ ነው ያልኋት። እኔ ነኝ ያልሁ። ሰሙን ለራሴ መሸሸጊያ አስቀረሁ፣ ወርቁን በሰውየው ላይ ወረወርሁ። ቢጠይቁኝ «አመሰገንሁት» እላለሁ፤ ባይጠይቁኝም የልቤ ደርሷል። ያን ዕለት ማታ እራቴ እንዴት እንደጣፈጠኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

ውጤቱ መጣ። የመካኒክ ክፍሉ በዚያ ዓመት አዲስ ሠልጣኝ እንዳይቀበል ተወሰነ። መምህር ይበልጣል «በሥራ ቦታ የማይገኝ» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እኔ የማላውቀው ነገር ነበር፦ ሁለተኛ ዲግሪውን እንዲማር የመንግሥት የትምህርት ዕድል ወጥቶለት፣ ሊሄድ ሻንጣ ገዝቶ ነበር። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ዕድሉ ይሰረዝበታል። ተሰረዘበት።

እኔ፣ ትምህርት የተነፈግሁት ሰው፣ ከሰው እጅ ትምህርት ቀማሁ። አባቴ «ከብቱን ማን ይጠብቃል?» ብሎ ከትምህርት ቤት ሲያስቀረኝ ያለቀስሁትን ልቅሶ ዛሬም አልረሳሁትም። ያን ልቅሶ የሚያውቅ ሰው እንዴት ለሌላው ይደግሰዋል? አባቴስ ምክንያቱ ከብት ነበር። የእኔ ምክንያት ምን ነበር? ጋሽ መባሌ?

ደግሞ ማዳን እችል ነበር። ይህን ለብቻው አንብቡልኝ፤ ከመጀመሪያው ይከፋልና። የኮሌጁ ዲን አስጠሩኝ። መምህራኑ ሁሉ ባሉበት ነገሩን ስነግራቸው፣ «አመሰገንሁት እንጂ መቼ አማሁት! አይገኝም አልሁ፣ አዎን፣ የት ይገኛል እሱን የመሰለ?» ስል፣ ዲኑ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ «ጋሽ ልየው፣ እንግዲያው አንድ ግልጽ ቃል ይጻፉልን፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ስለሆነ የሌላ ሰው ቃል አይቀበሉንም። መምህሩ ይመጡ ነበር ወይስ አይመጡም ነበር? ይመጡ ነበር ብለው ይፈርሙልን፣ ለክልሉ እንልካለን» አሉኝ።

አንድ መስመር ነበር። ይመጣ ነበር። ሁለት ቃል!

«እኔ ቃሌን አንዴ ሰጥቻለሁ» አልሁ። «የጎጃም ሰው ቃሉን አያጥፍም። አማርኛ ካላወቁ ይማሩ!» አልሁና ጋቢዬን ሰብስቤ ቆምሁ። ወንዶቹ «አበጀህ!» ባይ ዓይን አዩኝ። ዲኑ ሊለምኑኝ ሲሉ የከለከላቸው ራሱ መምህር ይበልጣል ነው። «ጋሽ ልየውን አታስቸግሩብኝ፤ ክብራቸው ነው» አላቸው። እያያችሁት ነው? የሚሰምጠው እሱ፣ ክብሩ የሚጠበቀው የኔ።

የነበሩት ልጆች ጨርሰው ሲወጡ ክፍሉ ሠልጣኝ ስለሌለው መምህሩ ወደ ቆላ ወዳለ ሌላ ኮሌጅ ተዛወረ። ሊሰናበተኝ መጣ። ጫማውን እንደ ልማዱ በር ላይ ፍቆ ገባ። እኔ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፍቶኝ መፍቻ እፈልግ ነበር። ትከሻዬን አቅፎ ሳመኝና፣

«አይዘኑ፤ የርስዎ ጥፋት አይደለም። እነሱ አልገባቸውም እንጂ እርስዎማ ሰማይ ሰቅለውኛል» አለኝ።

እኔን አጽናናኝ! ያልበደልሁትን በደል ይቅር አለኝ፤ የበደልሁትን ግን አያውቀውም። እኔም ይቅርታውን ተቀበልሁ። «ምን ይደረግ ልጄ» ብዬ መረቅሁት። በዚያ አፍ መረቅሁት።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በአገሩ ገነነ። ሠርግ ላይ «ኢንጂነር፣ ያቺን አማርኛ የማታውቀውን ገምጋሚ ንገሩን» ይሉኛል። እነግራለሁ። በየዓመቱ እያሳመርሁት ሄድሁ፤ ያቺን ልጅ እየከፋች የምትሄድ ደንቆሮ አደረግኋት። አንድ ሰው የትምህርት ዕድል አሳጥቼ፣ ሌላ ሰው መሳቂያ አድርጌ፣ እኔ ጠላና ጭብጨባ በላሁበት።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ ገምጋሚዎች እንደገና መጡ። አራት ነበሩ፤ ክፍሉ ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደገና ተከፍቶ ስለነበር ባለድርሻ አካላትን ሊጠይቁ ነው። ቤቱ ሰው ነበረበት፤ አንዱ አስፈጪ «ኧረ ለእንግዶቹ ያቺን ይንገሯቸው!» አለኝ። ነገርኋቸው። በሰፊው፣ በዜማው፣ ራሴን እየወዘወዝሁ ነገርኋቸው። ሁሉም ሳቁ፤ ከመካከላቸው አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ብቻ አልሳቀችም። ሌሎቹ ወጥተው ሲሄዱ እሷ ወደ ኋላ ቀረች።

«ጋሽ ልየው፣ ያቺ አማርኛ የማታውቀው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ትርንጎ ነበረች።

«የት አገር ሰው ነሽ?» አልኋት።

«ዲማ ነው ያደግሁት። አባቴ ቅኔ አስተማሪ ነበሩ። ምስጋናውን አልሰማሁትም መሰለዎት? ሰምቸዋለሁ። ግን አባቴ ሲያስተምሩ፣ ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው የፈራውን እውነት ወርቁ ውስጥ ይደብቀዋል ይሉ ነበር። እርስዎ የሰፈርዎን መምህር በግልጽ መክሰስ ከብዶዎት በወርቅ የነገሩኝ መሰለኝ። እንዳትለውጪው ሲሉኝ ደግሞ እርግጠኛ ሆንሁ።» ከዚያ «ተሳስቼ ነበር?» አለች።

ልብ በሉልኝ። «ተሳስተሻል፣ ምስጋና ነበር» ብላት ሁለተኛ ጊዜ መዋሸቴ ነው። «አልተሳሳትሽም» ብላት የዘመኔ ክብር ያከትማል። እኔ፣ መልስ አጥቼ የማላውቀው ልየው፣ «እህሉ ይቃጠላል» ብዬ ወደ ወፍጮው ዞርሁ። እህሉ አልተቃጠለም ነበር።

«የሆነው ሆኖ ተሳስቻለሁ» አለች ከኋላዬ። «መጠየቅ ብቻ አይበቃም ነበር። ሄጄ ልጆቹ ያሉበትን ማየት ነበረብኝ።» ሄደች።

የእኔን ጥፋት ከእኔ ቀድማ ተካፈለችው። እኔን የሰማኝ ሰው በዚያ ሁሉ ዘመን እሷ ብቻ ነበረች፤ ያልኋትን ነው የጻፈችው። ደንቆሮ እያልሁ ስስቅባት የኖርሁት በትክክል ስለሰማችኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የዲማ ሰዎች ሲያስተምሩ የሰማሁት፣ ሰሙ መሸፈኛ ነው፣ እውነቱ ወርቁ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? እውነቱን ሰም አደረግሁት፤ ውሸቱን ወርቅ አደረግሁት። ይበልጣል የማይገኝ ሰው መሆኑ እውነት ነበር። ከላይ ጣልሁትና ሐሰቱን ከሥር ቀበርሁት። እንዲህ ያለ ቅኔ ተቀኝቶ ማን ያውቃል? ቅኔ ገባኝ ያልሁት ሰው እኔ ነኝ?

በአፌ ልናገረው ሞከርሁ። በማኅበራችን ቀን ተነሥቼ «ወንድሞቼ፣ ያን ሰውዬ አላመሰገንሁትም፤ ልጎዳው ብዬ ነው ያልሁት» አልሁ። አንዱ ሽማግሌ ጭኑን መታና «ወርቁስ? ወርቁ የቱ ላይ ነው? ቆይ አትንገረን፣ እኛው እንፈታዋለን!» አለ። ሁሉም እየተሳሳቀ ይፈታው ጀመር። አንዱ «ሰውዬ» ያልሁት ራሴን ነው አለ፤ ሌላው መንግሥትን ነው አለ። እኔ ቆሜ «የለውም፣ ወርቅ የለውም» ስል ይብስ ሳቁ። አፌ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል፤ ቀጥ ያለ ነገር ብናገርበት ጠማማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጻፍሁት። እናንተም እዚህ ውስጥ ወርቅ አትፈልጉ።

ከዚያ ወዲህ ማድረግ የቻልሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ይሁን፤ ይህንንም ሳላደርግ የሞተ ሰው ብዙ ነው።

ዶሮዎቹን አስወጥቼ ሽፋኑን ቺንጋው ላይ መለስሁ። ብሎን ሳይፈታ የሚከፈት በር አበጀሁለት፤ ፋብሪካው ይህን አላሰበውም ነበር። የጠየቀኝን ሁሉ «መምህር ይበልጣል አስተምሮኝ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የምለው፤ አሁን ጮክ ብዬ እላለሁ።

ትርንጎ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄድሁ። ዘበኛው «በምን ጉዳይ ነው አባት?» ሲለኝ «ጥፋቴን ላስመዘግብ» አልሁት፤ የተሳሳትሁ መስሎት ወደ ሌላ ቢሮ ሊልከኝ ነበር። ገብቼ «አልተሳሳትሽም፤ ያልሁትን ነው የሰማሽው፤ ያልሁት ግን ውሸት ነው» አልኋት። በሰው ፊት ነው ያልኋት።

ዲኑ ያን ጊዜ የጠየቁኝን ሁለት ቃል ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። ማስጠንቀቂያው ከመምህሩ ማኅደር ወጣ። የትምህርት ዕድሉ ግን ለሌላ ሰው ከሄደ ቆይቷል፤ እሱን መመለስ አልቻልሁም። ከቻልሁት ውስጥ አልቆጥረውም።

ሠርግ ላይ ታሪኩን ንገረን ሲሉኝ የተዘለለችውን ጨምሬ እነግራለሁ። ሳቁ ይቋረጣል። ሁለት ሠርግ ላይ ሳልጠራ ቀርቻለሁ።

በመጨረሻም ለመምህር ይበልጣል ስልክ ደወልሁ። «ጋሽ ልየው!» ብሎ ደስ አለው፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሚስቴ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርሁት። ይቅር በለኝ አላልሁትም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ብጠይቀው ይቅር ይለኛል፤ አንድ ጊዜ አታልዬ ተቀብየዋለሁና ሁለተኛ በልመና አልወስድበትም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ለምን?» አለኝ።

ለዚህች ጥያቄ ስንት ያማረ መልስ ነበረኝ! አባቴ ነበር፣ ከብቱ ነበር፣ ያቺ ጤፍ የያዘች ሴት ነበረች፣ የቤቱ ሳቅ ነበር። አንዱንም አላነሣሁም።

«ቀናሁብህ» አልሁት።

ቀናሁ ብል ሁለት መንገድ ነበረው፤ ጎብጦ የነበረና የተቃና ሰውም ቀናሁ ይላል። ቀናሁብህ ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማኛል። እኔም አንድ ቃል ሳልጨምር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ። ይህን ችያለሁ።